ጋሽ ታደሰ ብሉዝ የሰሙ ቀን

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ቪከሪ ሜዶ በሚባል ሰፈር፣ የምኖርበት አፓርትመንት ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ሎንድሪው ውስጥ ነው። የመዘምራን አለቃችን ጋሽ ታደሰ ጊታር ሊያስጥሉኝ መጥተዋል። ብሉዝ የሚያስተምረኝ ጎረቤቴ ሚስተር ሮይ፣ በወጣትነቱ ሸክላ ያሳተመ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ልብሱ እስኪደርቅ ጥግ ላይ ተቀምጦ ጊታሩን ይቃኛል።

"ዘፈን ወይ መዝሙር፤ አንዱን ምረጥ" አሉኝ።

"አልመርጥም።"

ሊቆጡኝ ሲሉ ሮይ መዝፈን ጀመረ። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ እጃቸውን ወደ ኮርኒሱ ዘረጉ።

"ሃሌ ሉያ! አየህ? መዝሙር ማለት ይኼ ነው!"

ጋሽ ታደሰ እንግሊዝኛ ብዙም አይሰሙም። ልብስ የሚያጣጥፉት ሴቶች አፋቸውን ይዘው ይስቃሉ።

"የት ቸርች ነው የሚያገለግለው? እስቲ ጠይቅልኝ።"

ጠየቅሁት። ሮይ ጊታሩን አቁሞ መለሰልኝ። እኔም ምንም ሳላለዝብ ተረጎምኩ።

"ዘፈኑ ጥላው ስለሄደች ሴት ነው። ሸክላ ላይ ሲያስቀርጸው ቸርቹ አባሮታል። ዛሬም ቢያባርሩኝ እዘፍነዋለሁ ነው የሚለው። እኔም እንደዚያው ነኝ፣ ጋሼ።"

ሳቁ ቆመ። ጋሽ ታደሰ ዓይናቸውን ገለጡ፤ እጃቸውን ግን አላወረዱም።

"ድገመው በለው" አሉኝ።