ግድግዳ የሆነው የጎመን መደብ

ጠረጴዛዬ ላይ ወረቀት የምጫንበት አንድ ቀይ ጓል አለ። ዝናብ ሲመጣ ሽታው ይነቃል፤ ወይም ይነቃል ብዬ ማመን እወዳለሁ።

ዘጠናዎቹ ሊያልቁ ሲሉ አሜሪካ ውስጥ፣ ስቶን ማውንቴን የሚባል ከተማ፣ ቤት ገዛን። እናቴ ቤቱን የወደደችው ለጓሮው ነበር፤ ከአፓርትመንት ስንወጣ የፈለገችው የራሷን ጎመን መቅጠፍ ብቻ ነበር። አፈሩ ግን ሲዘንብ ጫማ የሚያስወልቅ፣ ሲደርቅ አካፋ የሚመልስ ቀይ ሸክላ ነበር። የመጀመሪያው ችግኝ ቢጫ ሆኖ ሞተ።

"ፍግ ግዛልኝ" አለችው።

"ከከብት አገር መጥቼ እበት በከረጢት ልገዛ?" አለ ታክሲ ነጂው አባቴ።

የአጥር ጎረቤታችን፣ አሜሪካዊቷ አሮጊት፣ ገለባና ቅጠል ሸክላን እንደሚያለሰልስ ነገሩት። አባቴ "ገለባ" ሲባል ሰማና ቀሪውን ለመስማት አልቆየም። ቤት ሲመርግ ያደገ ሰው ስለ ገለባና ጭቃ ምክር አይሻም። ሱሪውን ሰብስቦ፣ መደቡን ውሃ አጠጥቶ፣ ገለባውን በትኖ ይረግጠው ጀመር። እኔንም አስገባኝ። ጭቃው በጣቶቼ መሃል ቀዝቀዝ እያለ ይወጣ ነበር። አባቴ ይስቅ ነበር፤ አሜሪካ ከመጣን እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም።

ጁላይ ላይ መደቡ ዶማ መለሰ። እናቴ ጎንበስ ብላ እንደ በር አንኳኳችው።

"ቤቶች! ማን አለ?" አለች። "ጎመን ስጠብቅ ሳሎን ሠራህልኝ።"

ዛሬ የአባቶች እውቀት በየመድረኩ ሲወደስ ያንን መደብ አስታውሳለሁ። እውቀቱ አልተሳሳተም፤ ግሩም ግድግዳ ነበር።

በመኸር አባቴ ጎረቤቶች በከረጢት አስረው ደጅ የጣሉትን ቅጠል በታክሲው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ እየጫነ ያመጣ ጀመር። ግድግዳውን በዶማ ሰባበርን፤ ቅጠሉንና የድንች ልጣጩን አለበስነው።

"ከእንግዲህ እዚህ ላይ ማንም እግሩን እንዳያሳርፍ" አለች እናቴ። "በተለይ አንተ።"

ትሎቹ መጡ። ሁለት ክረምት አልፎ አፈሩ ጠቆረ፣ በጣት ተቆፈረ። እናቴ ጎመኗን ቀጠፈች። አባቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ አላምጦ "ትንሽ ጠንከር ይላል" አለ።

"አፈሩን ያበላሸ ሰው ነው የሚናገረው?"

አባቴ ካረፈ በኋላ ቤቱን ሸጠን እናቴ እኔ ጋ፣ ሮዝዌል፣ ልትገባ ሆነ። መደቡን ለመጨረሻ ጊዜ ስገለብጥ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር፣ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ላይ ሳይሰበር የቀረ ጓል አገኘሁ። ገለባው ከነቀለሙ ነበር። ላዩ ላይ ተረከዝ ታትሟል። ዶማዬን ሳነሳ እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተው" አለች። "እግሩ ነው።"

እስከ ሮዝዌል ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው መጣች።