የጄቷ መርዶ

ሲያትል አውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር ስል ሰው ሁሉ ያንን ትልቁን ይመስለዋል። የት አባቴ! እኔ የሠራሁት ከከተማው በስተደቡብ፣ መጋዘን በምታክል ወርክሾፕ ውስጥ ነው። አውሮፕላንም አንሠራም ነበር፤ የምንሠራው በር ነው። የሀብታም ነጋዴዎች ጄት በር። ጄቷ የምትገጣጠመው ሌላ ስቴት ሲሆን፣ እኛ በሯን ከነደረጃዋ ሠርተን፣ በሳጥን አሽገን እንልካለን። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ስቀጠር ጄቷ አሮጌ ሞዴል ነበረች። ፈረንጆቹ ግን «ክላሲክ» ናት ይሉ ነበር። እነሱ አሮጌ ነገር ሲወዱ እንዲህ ነው የሚሉት።

ሐበሾቹ አራት ነበርን። እኔ ብረቱን ከብረት የሚያያይዘውን ምስማር፣ ሪቬት፣ እመታለሁ። እትዬ የምንላቸው ሴትዮ የበሩን ዙሪያ አየር እንዳያስገባ ማሸጊያ ይቀባሉ። ዕቃ የሚያመላልስ አንድ ወጣት ነበር፤ «ጴንጤው» ስለው «አቤት ኦርቶዶክሷ» ይለኛል፤ በዚህ ተግባብተናል። አራተኛው ጋሼ ናቸው፤ በዕድሜ ሁላችንንም የሚበልጡ፣ የበሩን እጀታና መቆለፊያ የሚገጥሙ ዝምተኛ ሰው። ባለቤታቸው ወደ ሱዳን ሲሻገሩ መንገድ ላይ ሞተውባቸዋል። አንድ ልጃቸው ካርቱም ቀርቷል። እሱን ለማስመጣት ፕሮሰስ ከጀመሩ ቆይተዋል። የስደተኞቹ ኤጀንሲ ደግሞ በሄዱ ቁጥር የሚጠይቃቸው አንድ ነገር ነው፤ ሥራ አለዎት? ሥራ የሌለው አባት ልጅ ማስመጣት አይችልም። ስልክ ስላላስገቡ የሰጡት የኔን ቁጥር ነበር፤ ልጁም አንዳንዴ ሲሳካለት እኔ ጋ ይደውላል።

አንድ ዓርብ ሱፐርቫይዘራችን ማሽኖቹን አስቁሞ ሰበሰበን። የጄቷ ሥራ ሊቆም ነው፣ ገዢ ጠፍቷል፣ የታዘዙትን በሮች ጨርሰን እንዘጋለን አለ። ከዚያ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ አለን። ተመለስን፤ ምን እናደርጋለን?

ጋሼ በዚያ ሳምንት ጥርሳቸውን ተነቅለው ቤት ተኝተዋል። እትዬ ምሳ ላይ ሳንድዊቻቸውን ገፋ አድርገው፣ «ይኼ ሰውዬ ሰኞ መጥተው ከፈረንጁ አፍ በድንገት ይስሙት? ልባቸው ቀጥ ቢልስ?» አሉ።

«ታዲያ ነገ ሄጄ ልንገራቸዋ» አልኩ።

«ብቻሽን? ክፉ ወሬ ባንድ ሰው አፍ ይነገራል እንዴ? ደሞ አንቺ፣ ገና በሩ ላይ ቆመሽ ነው የምትዘረግፊው።»

«እትዬ፣ ሥራ ነው የቆመው፤ ሰው አልሞተ!»

አልሰሙኝም። ቅዳሜና እሁድ እሳቸው ሌላ ሥራ አላቸው፣ ጴንጤው ቤተ ክርስቲያኑን አይለቅም። ሶ፣ ሰኞ ጎህ ሲቀድ፣ ወደ ሥራ ከመውጣታቸው በፊት፣ ሦስታችንም ሰብሰብ ብለን ቀስ አድርገን እንንገራቸው ተባለ። ጴንጤው «ልክ ነው፣ ወጉም እንደዚያ ነው» አለ። ወግ አዋቂ ነኝ ባይ!

ሰኞ በጴንጤው መኪና ቡሪየን ወደሚገኘው አፓርትመንታቸው ሄድን። ዝናብ ያካፋል። እትዬ ብርድ ነው ብለው ጥቁር ሻሽ አስረው፣ ጥቁር ፎጣ ደርበዋል። ደረጃውን ወጥተን በሩን ስናንኳኳ ጴንጤው ኮፍያውን አውልቆ በሁለት እጁ ያዘ። ለምን እንዳወለቀው እሱም አያውቅም። ሦስታችንም አንገታችንን ደፍተን ቆምን።

ጋሼ ጋቢ ለብሰው፣ ጉንጫቸው እንዳበጠ ከፈቱልን። መጀመሪያ እትዬን አዩ። ቀጥሎ ኮፍያውን። እኔን ለማየት እንኳ አልደረሱም። አንድ እጃቸው ግድግዳውን ፈለገ።

«ማን ነው?» አሉ።

እትዬ ቀስ አድርገው ሊናገሩት ያዘጋጁት ንግግር አፋቸው ላይ ቀረ።

«ልጄ ነው? ንገሩኝ! ልጄ ነው?» አሉና ደረታቸውን መቱት። «ወይኔ ልጄን! ወይኔ፣ አንድ ልጄን!» ወለሉ ላይ ዝርፍጥ አሉ። ይባስ ብሎ እትዬ ልቅሶ ሰምተው ዝም ማለት አያውቁምና እሳቸውም ያነቡ ጀመር። አብረው አለቀሱ እኮ! ስለ ምን እንደመጡ ረስተውት!

«ኧረ ጋሼ! ኧረ በማርያም! ማንም አልሞተም! አውሮፕላኗ ናት!» ብዬ ጮህኩ።

«አውሮፕላን ተከሰከሰ? ልጄ ተሳፍሮ ነበር?»

«ኧረ ምንም አልተከሰከሰም! የኛዋ ጄት ናት! መሠራቷ ሊቆም ነው! ፋብሪካው ሊዘጋ ነው!»

ጋሼ ከወለሉ ሆነው አንድ ባንድ አዩን። «ፋብሪካው?» አሉ። «ለፋብሪካ ነው በዚህ ጎህ፣ ጥቁር ለብሳችሁ የመጣችሁብኝ?» ከዚያ ሳቁ። ያበጠ ጉንጫቸውን ይዘው «አታስቁኝ፣ ያመኛል» እያሉ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኛም ሳቅን። ከታች ያለው ጎረቤት ጣሪያውን በመጥረጊያ እንጨት ደበደበ። ጋሼ ተነስተው ሻይ ጣዱልን፣ «ተመስገን፣ ተመስገን» እያሉ ስኳሩን አበዙብን። በሕይወቴ ሥራህ ሊዘጋ ነው ሲባል እንደዚያ ደስ ያለው ሰው አላየሁም።

ሻዩን ግማሽ አድርሰን ነበር። ጋሼ ብርጭቋቸውን ወደ አፋቸው ሊወስዱ ሲሉ ቆሙና መልሰው አስቀመጡት።

«እና ልጄስ?» አሉ።

ጴንጤው ኮፍያውን አጠለቀ፤ ሥራ ሊረፍድብን ነው ብለን ወጣን።

የቀሩትን በሮች ሠርተን የጨረስነው በጋው ሲገባ ነው። ለመጨረሻው በር ምንም ዝግጅት አልነበረም፤ ሱፐርቫይዘሩ ዶናት ገዛ፣ በላን፣ አሸግነው፣ ሄደ። ጋሼ በነዚያ ወራት ከሥራ መልስ ያላንኳኩት በር የለም። የዕቃ ማጠቢያ ቤቱም፣ ሆቴሉም ዕድሜያቸውን እያየ መለሳቸው። ከስተው ቀበቷቸው ላይ አዲስ ቀዳዳ አበጁ። ንዴቴ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም፤ እንደዚያ ለሥራ የሚሞት ሰው!

በመጨረሻ ጴንጤው ከቤተ ክርስቲያኑ ሰው አፈላልጎ፣ አውሮፕላን ጣቢያው አጠገብ ያለ የመኪና ማቆሚያ ትኬት ቆራጭ አድርጎ አስገባቸው። ወርክሾፑ ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው። እትዬ «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ። እኔ ግን ድግሱን ሳላይ አላምንም አልኩ። ጋሼ ራሳቸው ኤጀንሲው ድረስ ሄደው ሥራ ቀይሬያለሁ ብለው አስመዘገቡ፤ ከዚያ መጠበቅ ሆነ። በጋው አለፈ፣ ዝናቡ ተመለሰ።

አንድ ቀን ገና ሳይነጋ ስልኬ ጮኸ። ካርቱም ከሰዓት በኋላ ነው። ልጁ ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ «ቪዛው ተመታልኝ! ሐሙስ እገባለሁ! ለአባዬ ንገሪልኝ!» አለ፤ ተቋረጠ።

እስኪነጋ ለምን አልጠበቅሽም ትሉኝ ይሆናል። አልቻልኩማ! ደሞ ጋሼ በማለዳ ወደ ሥራ ከወጡ እስከ ማታ አላገኛቸውም። በሌሊት ልብሴ ላይ ኮት ደርቤ ቡሪየን ነዳሁ። አፓርትመንቱ ሥር ፓርክ አድርጌ ከመኪናዬ ወረድኩ፤ ደረጃው ላይ አንድ እግሬን እንዳሳረፍኩ ግን ቀጥ አልኩ። ያው በር፣ ያው ሰዓት፣ ያው ዝናብ። አሁን ባንኳኳ እኚህ ሰውዬ ልጄ ሞተ ብለው እጄ ላይ ነው የሚወድቁት።

ወደ ኋላ ተመልሼ መኪና ማቆሚያው መሀል ቆምኩ። ዙሪያዬን አየሁ። ከዚያ ያለኝን ትንፋሽ ሁሉ ሰብስቤ እልልታዬን አቀለጥኩት።

እልልልልል!

አንዱ መስኮት ከፍቶ ሰደበኝ። ሌላው ፖሊስ እጠራለሁ አለ። ይጥራ! እንደገና እልል አልኩ። ውሻ ጮኸ፣ መብራት እዚህም እዚያም በራ፣ ሰዎች በየሰገነታቸው ወጡ። በሦስተኛው እልልታ ላይ፣ ፎቅ ያለው የጋሼ በር ተከፈተ።

በባዶ እግራቸው ናቸው፤ ጋቢያቸው ባንድ ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ዝናቡ ውስጥ እስከ ደረጃው ጫፍ መጡና ብረቱን ይዘው ቁልቁል አዩኝ። ማን እንደሆነ አልጠየቁም።

«መቼ ነው?» አሉኝ።