ነጩ ኮምፒውተርና ጥቁሩ

ታላቅ ወንድሜ ገንዳ ውሃ በምትባል የቆላ ከተማ ሰሊጥ ነጋዴ ነው። እኔ ደግሞ ከመጋዘኑ ጎን ባለች አንዲት ክፍል የሠርግ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። ክፍሏም የእሱ፣ ካሜራውም የእሱ ስለሆነ፣ አሮጌው ኮምፒውተሬ ጢስ ተፍቶ ሲሞት አዲሱን የሚመርጠውም እሱ ሆነ። ሰሊጥ ጥሩ ዋጋ ያወጣበት ዓመት ነበርና «ተነሥ፣ ጎንደር እንውጣ» አለኝ።

የገባንበት ሱቅ ውስጥ ሁለት ኮምፒውተሮች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው ጥቁር የብረት ሳጥን ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ ፊቱ እንደ ወንፊት የተበሳሳ፣ ውስጡ ትልልቅ ማራገቢያ የተገጠመለት። ሌላው ነጭ ነው። ሳጥን የሚባል ነገር የለውም፤ ሁሉም ነገር እንደ ትሪ በሳሳ ስክሪን ውስጥ ተጨምቋል። ከጀርባው ሰማያዊ መብራት ይፈነጥቃል። ዋጋውም ከጥቁሩ ይበልጣል።

ሻጩ ለምን ሥራ እንደምንፈልገው ጠየቀን። ለቪዲዮ ማቀናበሪያ መሆኑን ነገርኩት።

«እንግዲያ ጥቁሩን ውሰዱ» አለ። «ጉልበት አለው። ቢበላሽም ተከፍቶ ዕቃው ይቀየራል። ነጩ ለእንግዳ መቀበያ ነው የሚያምረው።»

ወንድሜ ጥቁሩን በጣቱ አንኳኳው። «ይሄን ተሸክሜ ገንዳ ውሃ ልግባ? ጄኔሬተር ገዛ ነው የሚሉኝ።»

«ጋሼ፣ የሚሠራው እኮ ውስጡ ነው» አልኩት።

«ውስጡን ማን ያየዋል?»

ነጩን ገዛን። በአውቶቡስ ቁልቁል ስንመለስ ወንድሜ ካርቶኑን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ጉድጓድ ባገኘን ቁጥር እንደ ሕፃን እያቀፈው ወረደ።

ለኮምፒውተሩ አዲስ ጠረጴዛ ተገዛለት፤ ከመንገድ እንዲታይም በሩ ትይዩ ተቀመጠ። የወንድሜ ሚስት ዳንቴል ሠራችለት። ወንድሜ ሰሊጥ ሊገዛ የመጣውን ሁሉ መጀመሪያ ወደ እኔ ክፍል ያስገባ ጀመር። አንድ ሱዳናዊ የጭነት መኪና ሾፌር «ኩወይስ! ኩወይስ!» እያለ ሲያደንቅ፣ ወንድሜ ራሱ የፈለሰፈው ይመስል በትሕትና አንገቱን ደፋ። ምን እንደሚሠራ የጠየቀ አንድም ሰው አልነበረም።

ባለመጠየቃቸውም ደግ አደረጉ፤ ብዙም አይሠራም ነበርና። ማለዳ ላይ ትንሽ ይሮጣል። ፀሐይ የጣሪያውን ቆርቆሮ ማጋል ስትጀምር ግን ጀርባው እንደ ካውያ ይግላል። ሙሽራዋ ከመኪና ስትወርድ አንድ እግሯ አየር ላይ እንዳለ ምስሉ ቀጥ ይላል፤ ከዚያ ስክሪኑ ድርግም። እስኪበርድ ስጠብቅ እውላለሁ።

አቅራቢያችን ባለችው ኮኪት ልጃቸውን የዳሩ አንድ አዛውንት ገበሬ ቪዲዮው ሲዘገይባቸው አንድ ጠዋት ተቆጥተው መጡ። ጩኸቱን የጀመሩት ገና ከደጅ ነው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄ እኮ አርግዛለች! ሠርጓን የምታየው በልጇ ክርስትና ላይ ነው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ አባቴ፣ ማሽኑ ሙቀት አልቻለም። ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

ገቡና ነጩን አዩት። ሰማያዊው መብራት ነጠላቸው ላይ አረፈ። ድምፃቸው ወዲያው ዝቅ አለ።

«የልጄ ሠርግ በዚህ ነው የሚሠራው?»

«አዎ አባቴ።»

«ይሄማ የክብር ዕቃ ነው። እንግዲያ አትቻኮል፣ በደንብ ይሥራው» አሉና ከአጠገቡ ቆመው ፎቶ እንዳነሣቸው ጠየቁኝ።

እሳቸው ቢታገሡም እኔ አልቻልኩም። ሥራ ካቆመ አንድ የኢንተርኔት ቤት አሮጌ ጥቁር ሳጥን ገዝቼ ከመጋረጃ ጀርባ ተከልኩት። ሲሠራ እንደ ወፍጮ ያጓራል፤ ሆኖም የአዛውንቱን ቪዲዮ ሳያቋርጥ ጨረሰው። አዛውንቱ ደውለው ነጩን አመስግንልኝ አሉኝ። ለወንድሜ ስለ ጥቁሩ ስነግረው አልተቆጣም። «ጥሩ አድርገሃል። ብቻ ሰው እንዳያየው» አለኝ።

የራሱን ልጅ ሲድር ግን «የእኔ ልጅማ በነጩ ነው የሚሠራላት» ብሎ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። ረፋዱ ላይ እሱ ሙሽሮቹን የሚመርቅበት ቦታ ስንደርስ ምስሉ ቆመ። የወንድሜ አፍ ስክሪኑን ሞልቶ እንደተከፈተ ቀረ።

«አፌን ዝጋልኝ እንጂ!»

«ማሽኑ ነው ጋሼ።»

ወደ እሱ ዞሮ የነበረውን ቬንትሌተር ወደ ኮምፒውተሩ አዞረው። እሱ በላብ ተጠመቀ፤ ምስሉ ንቅንቅ አላለም። ባርኔጣውን አውልቆ ያራግብለት ጀመር። አፉ ትንሽ ገጠም አለ፤ መልሶ ተከፈተ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጠፋ።

ወንድሜ በጠፋው ስክሪን ላይ የገዛ ፊቱን አየ።

«ያኛው ይሠራል?» አለኝ በመጨረሻ፣ በአገጩ ወደ መጋረጃው እየጠቆመ።

«ይሠራል።»

«በል በእሱ ጨርሰው። ለእናቷ ግን እንዳትነግር።»

ቪዲዮው እቤታቸው ሲታይ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ነበር። ምስሉ ጥርት ብሎ፣ የወንድሜም ምርቃት ሳይቆራረጥ አለፈ። ሚስቱ እንባዋን እየጠረገች «በነጩ መሠራቱ እኮ ያስታውቃል» አለች።

ወንድሜ እኔን ላለማየት ቢራውን አንሥቶ «ዕቃ ነዋ!» አለ።