አባቴ ያነበበው የደም ሥር ፊልም

ባለፈው ሳምንት ወልድያ አንድ ወጣት ሐኪም ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዙሮ የጭንቅላቴን የደም ሥሮች አሳየኝ። ራሴን አዙሮኝ ከወደቅሁ ወዲህ እህቴ ሐዋ አላስቀምጥ ብላኝ ደሴ ሄጄ የተነሳሁት ፊልም ነው። ሐኪሙ አፉን ሳይከፍት ሳቄ መጣ። ምን ላድርግ! እኔ ያየሁት አባቴን ነው፣ መርሳ ቦይ ውስጥ፣ እስከ ጉልበቱ ጭቃ በጭቃ ሆኖ።

ያኔ ሃያ ዓመት አልሞላኝም። ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ነው የቀረው፤ ጦርነቱ ወደ እኛ ተጠግቶ ስልክ ተቋርጧል። ሐዋ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ መውደቅ፣ ከዚያ ዓይኗ መደብዘዝ ጀመረ። ሰፈሩ በሙሉ ጂን ነው አለ። ዱዓ ተደረገ፣ ክታብ ታሰረ፤ ዓይኗ ግን ከቀን ቀን ባሰ። ስንት ለምኜው አባቴ "እሺ፣ ፎቶ ተነስታ ትመለስ" አለና አዲስ አበባ አክስታችን ዘንድ ወሰድኳት።

እዚያ ተራው ራጅ አልበቃም። አንገቷን በመርፌ ወግተው ደም ሥሯ ውስጥ መድኃኒት ለቀቁ፤ ወደ ራሷ ሲወጣም በፊልም ተከታትለው አነሱት። "ጭንቅላቴ ውስጥ እሳት ለቀቁብኝ" አለችኝ ስትወጣ። ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰክቶ፣ "ዕጢ ነው። ቶሎ ከወጣ ዓይኗ ይተርፋል። ግን ልጅ ናት፤ አባቷ ካልፈረሙ አንነካትም" አለኝ።

አባቴ የልጁ ራስ ቅል ይከፈት ብሎ ሊፈርም! ወይ ጉዴ! ቢሆንም ሐዋን አክስታችን ዘንድ ትቼ፣ ፊልሙንና የሚፈረመውን ወረቀት በካርቶን አሽጌ ወደ መርሳ ተሳፈርኩ።

ውርጌሳ ኬላ ላይ አንድ ወታደር ካርቶኑን ፈታው። ፊልሙን ወደ ፀሐይ አንስቶ፣ "የየት መንገድ ካርታ ነው? ለማን ልታደርስ ነው?" አለኝ።

"የእህቴ ጭንቅላት ነው" አልኩ።

"ትቀልዳለህ?"

ሊያጥፈው ሲል አለቀስኩ። አላፍርም፣ እንደ ሕፃን ነው ያለቀስኩት። አንድ ሸበቶ መቶ አለቃ መጥቶ ፊልሙን ተቀበለው። የዓይኖቿን ጉድጓድ በጣቱ ዞረና፣ "ሰው ነው፤ ልቀቀው" አለ።

መርሳ ስደርስ ማሽላው አጎንብሷል፣ መንደሩ ብርቱካን ብርቱካን ይሸታል። አባቴ የውሃ አባት ነበር፤ የመስኖውን ውሃ ለገበሬው በተራ የሚያከፋፍል፣ ሲጣሉም የሚዳኝ። አካፋውን ይዞ ቦይ ውስጥ አገኘሁት።

"አባ፣ ራሷ ተከፍቶ ዕጢው ይውጣ ነው የሚሉት። አንቱ ካልፈረሙ አይሆንም።"

"ወላሂ አላደርገውም! ልጄን እንዲያርዷት?"

ፊልሙን አውጥቼ ሰጠሁት። "ይሄ ደም ሥሯ ነው፣ አባ፤ ይሄ ደግሞ..."

"ዝም በል እስቲ።"

እጁን ታጥቦ ፊልሙን ወደ ፀሐይ አነሳው። ከአንገቷ ጀምሮ ቀስ እያለ ወደ ላይ በጣቱ ተከተለ። አንድ ቦታ ላይ ጣቱ ቆመ።

"ዋናው ቦይ እዚህ ጋ ለምን ዞረ?" አለ። እኔን አልነበረም የጠየቀው። "የሆነ ነገር ተቀምጦ ገፍቶታል። እነዚህ ቀጫጭኖቹም በተራ የተሰጡ አይደሉም፤ በስርቆት የተቀደዱ ናቸው። እይ፣ ሁሉም እሱን ነው የሚያጠጡት።" ወደ እኔ ዞረ። "ሰኢዶ፣ ይሄ ጂን አይደለም። ይሄ የልጄን ውሃ የሚጠጣ ሌባ ነው። ይውጣ!"

የትምህርት ቤት ደጅ ረግጦ አያውቅም እኮ! ደስታዬን የት ላድርገው? ቀለም ልፈልግ ብል፣ "የምን ቀለም!" ብሎ አውራ ጣቱን ጭቃው ውስጥ ነክሮ ወረቀቱ ላይ ተጫነው። ከዚያ ኮሌታዬን ያዘና ወደ ደረቱ ሳበኝ። "አሁኑኑ ተመለስ" አለኝ።

ሐኪሙ የጭቃውን አሻራ አይቶ ሳቀ፤ ተቀበለውም። ቀዶ ጥገናው በተደረገ በሦስተኛው ቀን ሐዋ ትክ ብላ አየችኝና፣ "ሰኢዶ፣ ኮሌታህ እንዴት ቆሽሿል!" አለች። የአባቴ ጣት ነበር፤ ሸሚዙን ሳላጥበው ቆይቼ ነው። ወንድ እልል አይልም ይሉኛል፤ እኔ ግን ሆስፒታሉን በእልልታ አቀለጥኩት።

አባቴ ያንን ፊልም እስኪሞት ከራስጌው አልለየውም። ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያሳያል፤ ለሐዋማ ስንቴ እንዳስረዳት።

ወልድያ የነበረው ወጣት ሐኪም፣ "ጋሼ፣ ውጤቱ..." ብሎ ሲጀምር ሐዋ ከጎኔ ተነሳች። የልጅ ልጅ አይታለች፣ መነፅር እንኳ የላትም። ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ ብላ ከአንገቴ ጀምራ ቀስ እያለች ወደ ላይ በጣቷ ተከተለች።

"ቦዩ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው" አለች። "ሌባ የለበትም።"

ሐኪሙ ፈዝዞ አያት። "ትክክል ነው፤ ንጹሕ ነው። ግን እማማ፣ ይሄን የት ተማሩት?"

"መርሳ" አለች ሐዋ፣ "ከአባቴ።"