ካላየሁት አገር መልቀቂያ

አባትና እናቴ ከባሕር ማዶ የመጡ አረቦች ነበሩ። አባቴ አጋሮ ላይ የቡና ነጋዴዎችን ሱሪ ሲሰፋ ኖሮ እዚያው ተቀበረ፤ እኔም እዚያው ተወልጄ ጅማ ላይ ሸበትኩ። ኢትዮጵያዊ ለመሆን ሳመለክት ቋንቋዬን፣ ሥራዬንና ጠባዬን መርምረው አሳለፉኝ። መጨረሻ ላይ ግን የአባቴን አገር ዜግነት መተዌን የሚገልጽ መልቀቂያ ያምጡ ተባልኩ። ያን አገር እኮ በዓይኔ አይቼው አላውቅም! ኤምባሲያቸው ብሄድ፣ «መዝገባችን ላይ የሉም፤ ከምኑ እንልቀቅዎ?» አሉኝ። ጅማ ተመልሼ ይህንኑ ለመሥሪያ ቤቱ ወጣት ሠራተኛ ነገርኩት። የዚህን ልጅ አባት የሠርግ ሱፍ የሰፋው አባቴ ነው። ልጁ ፋይሌን አጠፈና፣ «እንግዲያው አገርዎ ገብተው ይጠይቁ» አለኝ።

ወላሂ፣ እንዳለኝ አደረግሁ። ባጃጅ ይዤ አገሬ ገባሁ፤ ጊንጆ ሰፈር።