የብሪቴስ ባል የቀናበት ሰው

በአልፋማ ሰፈር ሰርዲን በመጥበስ ብሪቴስን የሚደርስባት አልነበረም። ወደ ሊዝበን የሚገቡ መርከበኞች ኮከብ መቁጠሩን ትተው የመጥበሻዋን ሽታ ይከተሉ ነበር ቢባል፣ ውሸቱ ጥቂት ነው።

ባሏ ባስቲያኦ መርከብ ደፋኝ ነበር፤ በሳንቃና በሳንቃ መካከል ቃጫ እየጠቀጠቀ ዝፍት የሚያፈስ። «ለሁለት ዓመት ብቻ» ብሎ ወደ ሕንድ፣ ወደ ኮቺን ወደብ ከሄደ ስምንት ዓመት ሞላው። እሱ የንጉሡን መርከብ ሁሉ ሲደፍን የገዛ ቤቱ ጣራ ያፈስ ነበር። ዝናብ በመጣ ቁጥር ብሪቴስ አልጋዋ ላይ ሰባት ባልዲ ደርድራ በተረፈው ቦታ ትተኛለች። ጎረቤቱም ቀስ በቀስ «ነፍሱን ይማር» ማለት ጀምሮ ነበር፤ እሷ ግን የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰውየው ከነሕይወቱ እንዲመለስ።

በዚያ ዘመን ከተማዋ ሁለት በሽታ ገብቶባት ነበር። አንደኛው ያልታወቀ አገር ፍለጋ ባሕር ማቋረጥ ነው፤ ሁለተኛው ከሺህ ዓመት በፊት የሞቱ ሮማውያንን ከመጽሐፍ እየቆፈሩ ማስነሣት። የመጀመሪያው ባሏን ወሰደባት። ሁለተኛው የያዘው ደብዳቤ ጸሐፊዋን ነበር።

ጸሐፊው አይሬስ ይባላል፤ አደባባይ ላይ ጠረጴዛ ዘርግተው ፊደል ላልቆጠረ ከሚጽፉት አንዱ ነው። ዋጋው ለደብዳቤ ስድስት ሰርዲን። ደብዳቤው በመጋቢት ከመርከቦቹ ጋር ይሄድና መልሱ ቢፈጥን በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ይደርሳል፤ ስለዚህ ባልና ሚስት ለመኮራረፍ እንኳ ሁለት ዓመት ይፈጅባቸዋል። እስካሁን እሷ ሦስት ጊዜ «ና» ብላለች፤ እሱ ሦስት ጊዜ «ከርሞ» ብሏል።

«እሺ እሜቴ፣ ዛሬስ ምን እንበለው?» አላት አይሬስ በአራተኛው።

«ና በለው።»

«ሦስት ጊዜ አልነው እኮ፤ ቃሉ ደርቋል። ትንሽ ዘይት እናስነካው።»

ዘይቱ ሁለት ገጽ ሆነ። አይሬስ ብድግ ብሎ አነበበላት። «ውድ ባሌ ሆይ፣ እንቅልፍ ያጡ ሌሊቶቼን ለብርቱው ለኔፕቱኖ ክንዶች አስረክቤአለሁ፤ እሱን ታምኜ እኖራለሁ...»

«ማነው ደግሞ እሱ?»

«የጥንት ሮማውያን የባሕር አምላክ ነዋ! ባልሽን ከማዕበል እንዲጠብቅልሽ ማለት ነው። የተማረ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚጽፈው።»

«'ና' የሚለውስ የት ጋ ነው?»

«በመንፈሱ ውስጥ አለ።»

ብሪቴስ ስድስቱን ሰርዲን ሰጠችው፤ ቀጫጮቹን መርጣ።

ከአሥራ ሰባት ወር በኋላ መልስ መጣ። አይሬስ ጉሮሮውን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ፤ እያነበበም ድምፁ ሟሸሸ።

«ለብሪቴስ። ኔፕቱኖ ማነው? የማን ልጅ ነው? ሥራውስ ምንድን ነው? ደብዳቤውን ያነበበልኝን የመቶ አለቃ ብጠይቀው ስቆ ስቆ ሲያበቃ፣ ጺማም ነው፣ ባለ ሦስት ጣት መንሽ ይዞ ነው የሚዞረው አለኝ። እሱ መንሽ ካለው እኔም መዶሻ አለኝ። ባስቲያኦ።»

«ከርሞ» የሚል ቃል አልነበረበትም።

«ጉዴ ፈላ!» አለ አይሬስ። «አምላኩን ውሽማ አደረገው! በይ፣ ለመጋቢት መርከብ ማስተባበያ እጽፋለሁ፤ ያውም በነጻ!»

አጠገባቸው ሽንኩርት የምትሸጠው ጊዮማር ግን ወገቧን ይዛ ትስቃለች። «አንቺ ሴትዮ፣ ባልሽ እኮ ቀና!»

«ቀና እንዴ?»

«ኧረ ነዷል!»

ብሪቴስ ወደ አይሬስ ዞረች። «ይኸውልህ ጌታው፣» አለችው፣ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህ ሰው አንድ ጥያቄ ጠይቆኝ አያውቅም። ማስተባበያ የሚባል ነገር እንዳትጽፍ።»

«ታዲያ ልዋሽ?»

«ወግድ! ንስሐ የምገባ ሴት ነኝ። እውነቱን ብቻ ጻፍ። ኔፕቱኖ ሠረገላ አለው?»

«አለው። ፈረሶች ናቸው የሚጎትቱት።»

«ቤትስ?»

«የወርቅ ቤተ መንግሥት፣ ከባሕር በታች።»

«ከባሕር በታች የሚለውን ተወው፤ ቀለም አትጨርስ። ጣራስ መድፈን ይችላል?»

አይሬስ አሰበ። «ስለዚህ እንኳ መጻሕፍቱ ዝም ይላሉ።»

«እንግዲያው አንተም ዝም በል።»

ደብዳቤው ሄደ። ሰፈሩም ኔፕቱኖን ለመደው። «እንዴት አደረልሽ?» እያሉ ይጠይቋት ጀመር። ጊዮማርማ ከእኔ ሽንኩርት ገዝቷል፣ ዋጋ ሲከራከር አይጣል ነው ብላ ምላለች።

በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ መርከቦቹ ገቡ። ባስቲያኦ ከስቶ፣ ጠቁሮ፣ መዶሻውን እንደጨበጠ በቀጥታ ወደ መጥበሻው መጣ።

«የታለ?» አለ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ማን?»

«ባለ መንሹ!»

ብሪቴስ ሰርዲኗን ገለበጠች። «አሥራ አንድ ዓመት ቆይተህ የምትጠይቀው ስለ ሌላ ሰው ነው?»

አይሬስ ደም እንዳይፈስ ብሎ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ይዞ እየሮጠ መጣ። «ይኸው! እሱ ነው! የጥንት ሰዎች ያመልኩት የነበረ...»

ባስቲያኦ ሥዕሉን አየ። «ራቁቱን ነው እኮ!»

«አማልክት እንዲህ ነው የሚሣሉት።»

«እኔ ቤት ገብቶ?»

ነገሩ እስኪገባው ድረስ ፀሐይ ዘቀዘቀች። ሲገባው በርሜል ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«የመቶ አለቃው ያውቅ ነበር» አለ። «መርከቡም ላይ ሰባት ወር ሙሉ ኔፕቱኖን እገለዋለሁ እያልኩ ስፎክር፣ ካፒቴኑ ሳይቀር 'በርታ ባስቲያኦ!' ይለኝ ነበር። ወይኔ!»

«ታዲያ በመጋቢት ትመለሳለህ?» አለችው። ይህን ስትጠይቅ አንድ ሰርዲን አረረባት፤ በዕድሜዋ ያሳረረችው እሱን ብቻ ነው ይባላል።

«ወዴት? ኮቺን? እዚያ ከምሽጉ አዛዥ እስከ በቅሎ ጠባቂው ያልሰማ የለም!»

«ሞዛምቢክስ?»

«ስናልፍ በዘፈን ነው የሸኙኝ።»

ዓለም በየዓመቱ አንድ አዲስ ደሴት እየተጨመረባት ያን ያህል ስትሰፋ፣ ባስቲያኦ የሚደበቅባት አንድ ወደብ አጣ።

«እንግዲህ ቁጭ በላ» አለችው ብሪቴስ፤ ያላረሩትንም ሰርዲኖች አቀረበችለት።

በመጋቢት መርከቦቹ ሊነሡ ሲሉ ደፋኝ የሚመለምለው ሹም በራቸውን አንኳኳ።

«ባስቲያኦ አለ?»

«የለም» አለች ብሪቴስ።

«የለሁም!» አለ ባስቲያኦ ከውስጥ።