ታንኮቹ የማን ናቸው?

ከክፍል ሲያወጡኝ ጠመኔው እጄ ላይ ነበር። አምቦ ውስጥ በክረምት ትምህርት ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከሦስት ቀን በፊት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ የሶማሊያ ታንኮች ከየት መጡ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሶማሊያ ኦጋዴንን የወረረችበት ክረምት ነው። «ከሶቭየት ኅብረት» አልኳት፤ የማውቀው ይህንኑ ነበር። ሶቭየቶች ግን በዚያው ሰሞን የእኛም መንግሥት ወዳጆች ሆነው ነበር።

ያስገቡኝ የድሮ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። የጤፍ ብናኝና ሽንት ይሸታል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ መነጋገር አይቻልም። ሲያባራ፣ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ የወንጪ ገበሬ ወደ እኔ ዞሩ።

«ምን አርገህ ነው፣ ባርሲሳ?» አሉኝ። አስተማሪን በኦሮምኛ እንዲያ ነው የሚሉት። ነገርኳቸው።

«ታዲያ ታንኩ የነሱ አይደለም እንዴ?»

«የነሱ ነው፣ ኦቦ።»

«እና?»

«አሁን ወዳጅ ናቸው።»

«የማን?»

«የእኛም የሶማሊያም።»

ሽማግሌው የታሰሩት ልጃቸው ከሚሊሻ ስልጠና ስለጠፋ ነው።

ክረምቱ አለፈ። ኅዳር ላይ አንድ ቀን ጠዋት ግቢ ውስጥ ሰበሰቡን። የእስር ቤቱ ካድሬ ጋዜጣ ይዞ ቆመ። ሶማሊያ ለዓመታት ያስታጠቋትን ሶቭየቶች ማባረሯን ጮክ ብሎ አነበበልን። በሰጧት መሣሪያ እኛን ስትወጋ ከርማ ውለታቸውን በላች አለ። አጨብጭቡ ተባልን፤ አጨበጨብን። ሽማግሌው እያጨበጨቡ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ያንተን ቃል እኮ ነው የሚያነበው።»

ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮ ተጠራሁ። ጠረጴዛው ላይ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ነበር፦ «ሐሰት በማስተማሬ ተጸጽቻለሁ»።

«ፈርምና ዛሬውኑ ቤትህ ግባ» አለኝ ካድሬው። «ሚስትህ ወሯ እንደገባ ሰምቻለሁ።»

«ዛሬ ጠዋት ያነበቡልን ነገር እኮ ነው፣ ጓድ።»

«እሱ አሁን ነው። አንተ የተናገርከው ያኔ ነው።»

አልተቆጣም። የደከመው ሰው ነበር የሚመስለው። እኔም አልተቆጣሁም። ተናድጄ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ የማስታውሰው ግን የእስክሪብቶውን ክዳን ለመክፈት መቸገሬን ነው። የተጻፈውን በአንድ መስመር ሰረዝኩት። ከሥሩ «የማውቀውን አስተምሬያለሁ» ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

ካድሬው አነበበው። «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» ብሎ መሳቢያው ውስጥ ከተተው።

ወደ መጋዘኑ ስመለስ ሽማግሌው ሥፍራዬን ለሌላ ሰው አልለቀቁም፤ ይፈታ ይሆናል ብለው ግን ጋቢዬን አጣጥፈው ነበር። አዩኝና መልሰው ዘረጉልኝ።

ታኅሣሥ ላይ ዘበኛው ከቤት የመጣውን የምሳ ሳህን ሲያቀብለኝ «ሴት ናት፣ ሁለቱም ደህና ናቸው» አለኝ። ተቀምጬ በላሁ። ሽማግሌው ከእኔ በፊት ተፈቱ፤ ልጃቸው ስለተያዘ። እኔ መጋቢት ላይ ወጣሁ።

ከዓመታት በኋላ ደርግ ራሱ ከሶማሊያ ጋር ታረቀ። ሶቭየቶቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ሄዱ፤ ቀጥሎም ደርግ ወደቀ፤ አሜሪካኖቹ ተመለሱ። ሁሉንም በሬዲዮ ሰማሁ። እንደ አየር ሁኔታ ዜና ነበር የምሰማው።

ልጄ ዛሬ እኔ ያኔ ከነበርኩበት ዕድሜ አልፋለች። ባለፈው ፋሲካ ልትጠይቀን መጥታ፣ ስለዚያ ወረቀት አነሳች።

«አባዬ፣ እንዳለ ብትፈርመው ኖሮ ማን ያውቅብህ ነበር?»

«ማንም።»

«ታዲያ?»

ቡና ቀዳሁላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፍኳት መጋቢት ላይ ስወጣ፣ አንገቷን ካጠናች በኋላ ነው። ይህን እሷም ታውቃለች፤ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።